ጓንጉልና የጎደለው ውሃ

ሰው በወንዝ ስም በሚምልበት፣ ወንዝም የማለውን ሰው የሚያውቅ በሚመስልበት በዚያ በሩቅ ዘመን፣ በአንድ ተራራ ፊትና ጀርባ ሁለት መንደሮች ነበሩ። ወዲህ እንጎጭ፣ ወዲያ ሠርጣ። እንጎጭ ዘሬት የሚባል ወንዝ ነበራት፤ በበጋም አይነጥፍም። ሠርጣም ወንዝ ነበራት፤ ግን ክረምቱ ሲወጣ አብሮ የሚወጣ፣ አሸዋውን ብቻ ትቶ የሚሄድ ወንዝ ነው። ሁለቱ ወንዞች አይተዋወቁም። ዘሬት ወደ ፀሐይ መውጫ ይወርዳል። የሠርጣው ወደ ፀሐይ መግቢያ ይወርዳል። በመካከላቸው ተራራው ቆሟል።

አባቶች ተማከሩ። በተራራው ወገብ ላይ ቦይ ቆፈሩ። የዘሬትን ውሃ ከራሱ ላይ ጠልፈው፣ በገደሉ ጥግ አዙረው፣ ኮርቻ በምትመስለው ዝቅታ ላይ አወጡት። እዚያ ላይ በር አበጁለት። በሩ ሁለት አፍ አለው። አንዱ ሲከፈት ውሃው ተመልሶ የእንጎጭን ማሳ ያጠጣል። ሌላው ሲከፈት ተራራውን ተሻግሮ ወደ ሠርጣ ይወርዳል። ጎዶሎ ቀን ለእንጎጭ፣ ሙሉ ቀን ለሠርጣ ተባለ። ወሩ አንድ፣ ሦስት፣ አምስት ሲል የእንጎጭ ነው፤ ሁለት፣ አራት፣ ስድስት ሲል የሠርጣ። ሠርጣም በፈንታዋ ክረምት ላይ የእንጎጭን ከብት በቆላዋ ታሰማራለች። በዚህ ተማማሉ።

መሐላ ምስክር ይፈልጋል። እንጎጭ ውሃ ባሻገረች ቁጥር በወይራ ዱላ ላይ አንድ ምልክት ትቀርጻለች። ሠርጣ ውሃ በደረሳት ቁጥር በቅል ውስጥ አንድ ጠጠር ትጥላለች። በሰንበት ሁለቱም አይቆጥሩም፤ ሁለቱም ስለሚተዉት አይጎድልም። ከኅዳር እስከ ግንቦት እንዲህ ይሄዳል። ዝናብ ሊገባ ሲል ሁለቱ መንደሮች ኮርቻው ላይ ይገናኛሉ። ዱላው ይቆጠራል፣ ቅሉ ይገለበጣል። ምልክቱና ጠጠሩ እኩል ሲሆን በሬ ጥለው አብረው ይበላሉ። ስንት ትውልድ እንዲህ ኖረ። አንድም ዓመት ተሳስቶ አያውቅም።

አንድ ዓመት ግን ጎደለ።

ዱላው በዛ፣ ጠጠሩ አነሰ። እንጎጭ «ሰጥተናል» አለች። ሠርጣ «አልደረሰንም» አለች። ደግመው ቆጠሩ። ሠልሰው ቆጠሩ። ያው ነው። በሬው ሳይታረድ ተመልሶ ተነዳ። በሚቀጥለው ዓመትም ጎደለ። ያን ጊዜ የሁለቱም መንደር ሰው በሩን ወደሚጠብቀው ሰው ዞሮ አየ።

በር ጠባቂው አንዳርጌ ይባላል። ከሁለቱም መንደር አልተወለደም፤ እንዳያዳላ ተብሎ ከሩቅ የመጣ ሰው ነው። «ውሃውን መንገድ ላይ ሸጠኸዋል» አሉት። «ለማን?» አለ። ለማን እንደሆነ የሚነግረው ጠፋ። ቢሆንም የውሃ ሌባ ፍርድ በዚያ ዘመን አንድ ነው። በሩን የሚከፍተው እጅ ይቆረጣል። ቆረጡት። ሁለቱም መንደር ቆሞ አየ። ሲያበቃ ሁሉም መሬት መሬት እያየ ወደየቤቱ ገባ። በዚያ ቀን በእንጎጭም በሠርጣም እሳት ያነደደ ቤት አልነበረም ይባላል። ይህን ሳወራ አፌ ይደርቃል፤ ስለዚህ አሳጥሬዋለሁ።

ከአንዳርጌ በኋላ ያን በር የሚጠብቅ ጠፋ። ለማኝ እንኳ ተጠይቆ እንቢ አለ። ያን ጊዜ ጓንጉል መጣ።

ጓንጉል እናቱን አያውቃትም። አባቱን አንድ ጊዜ አይቶታል፤ ያየውም ሲቀበር ነው። ያደገው በሰው ቤት ነው። እንጨት ፈልጦ በላ። ጥጃ አስሮ በላ። አንዳንዱን ቀን ፈልጦም አስሮም አልበላም። ስለዚያ ብዙ አልናገርም። በሰው ቤት ያደገ ያውቀዋል፤ ያላደገ ቢነግሩትም አይገባው። ሙሉ ሰው በሆነ ጊዜ የራሴ የሚለው ነገር ሁለት እጁ ብቻ ነበር።

የሁለቱን መንደር ውሃ የሚዳኙት ጭቃ ሹም ወንዳፍራሽ ናቸው። ጓንጉልን ሸንጎ ፊት አቁመው ጠየቁት።

«የማን ልጅ ነህ?»

«የማንም።»

«የአንዳርጌን ነገር ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ ጌታዬ።»

«ታዲያ ምን ብለህ መጣህ?»

«የበር ጠባቂው ጎጆ ክዳን አለው ሲሉ ሰማሁ» አለ ጓንጉል።

ሸንጎው ሳቀ። ጭቃ ሹሙ አልሳቁም። በሩን ሰጡት።

ኅዳር ገባ። ጓንጉል ጎዶሎ ቀን ወዲህ ከፈተ፣ ሙሉ ቀን ወዲያ ከፈተ። ሙሉ ቀን ሲሆን ከእንጎጭ አያ ዘገየ ዱላቸውን ይዘው ይመጣሉ። ውሃው ወደ ሠርጣ አፍ ሲገባ ያያሉ፣ በጩቤያቸው አንድ ምልክት ይቀርጻሉ፣ ሳይሰናበቱ ይመለሳሉ። ታች ሠርጣ ደግሞ፣ ቦዩ ከተራራው ወርዶ ሜዳ በሚነካበት በትልቁ ድንጋይ ዘንድ፣ እሜት አስካለ የሚባሉ አሮጊት ቅላቸውን ታቅፈው ይጠብቃሉ። ውሃው ሲደርስ ጠጠር ይጥላሉ። ጓንጉል እሳቸውን አያያቸውም፤ እሳቸውም እሱን አያዩትም። በመካከል ተራራው አለ።

ሁዳዴ ሊገባ ሲል ጭቃ ሹሙ ልባቸው አላርፍ አለና ቆጠራው ሳይደርስ አስቆጠሩ። ዱላው ተቆጠረ። ቅሉ ተገለበጠ። ጎደለ።

ሌባው ተይዟል፣ እጁ ተቆርጧል፣ በሩም ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል፤ ውሃው ግን አሁንም ይጎድላል።

ጭቃ ሹሙ ጓንጉልን ወደ ፊት አስጠሩት። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ «እስከ ግንቦት ቆጠራ ጊዜ አለህ። የጎደለው ውሃ የት እንደገባ ካሳየኸን መልካም። ካላሳየኸን ያው ነው።»

ያው ማለት ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ጓንጉል ቀኝ እጁን በግራ እጁ ያዘ። መያዙን እንኳ አላወቀም።

መጋቢት ገባ። ጓንጉል ጥፋቱ ቦዩ ነው አለ። በአንድ ጎዶሎ ቀን፣ የሠርጣ ወገን ቦይ ደርቆ ሳለ፣ ከኮርቻው ጀምሮ በጉልበቱ እየዳኸ ወረደ። ድንጋዩን ሁሉ ዳሰሰ። ስንጥቁን ሁሉ በጣቱ ለካ። ጉልበቱ ተላጠ። ወደ አጋማሹ ሲደርስ ከአንድ ቋጥኝ ሥር ጉድጓድ አገኘ። ክንዱን ሰደደ፣ መጨረሻውን አጣው። አፍንጫውን ደቀነ፣ ከውስጥ የእርጥብ አፈር ሽታ ወጣ። እሾህም ወድቆ አገኘ። የጃርት ጉድጓድ ነው።

ጓንጉል ያን ቀን ከልቡ ሳቀ ይባላል። ወደ ሁለቱም መንደር ሮጦ ሰው ጠራ። ሰው መጣ፣ ጉድጓዱን ከበበ።

«ሦስት ዓመት ሙሉ ውሃችንን የጠጣው ጃርት ነው?» አለ አንዱ የሠርጣ ሰው።

«ጃርት ብቻውን አይደለም፤ ሚስትም ልጆችም አሉት» አለ ጓንጉል።

«እንግዲያ እሱም እንደኛ መስኖ ነበረው በለኛ» አሉ። ተሳሳቁ። ድንጋይ አቀበሉት፣ ጭቃ በጭድ አቦኩለት። ጉድጓዱን ደፈነው። በእግሩ ረገጠው። ውሃ ለቀቀበት፤ ጠብ አላለም።

መጋቢት ሲያልቅ የወሩን ብቻ ለይተው ቆጠሩ። አንድ ጎደለ።

የሳቁት ሰዎች ሳቃቸውን የት እንደሚያደርጉት አጡ። አንድ በአንድ ሄዱ። ጓንጉል ባዶው ቦይ አፍ ላይ ብቻውን ቀረ።

ሚያዝያ ገባ። ጓንጉል ጥፋቱ ቅሉ ነው አለ። ተራራውን ተሻግሮ እሜት አስካለ ደጅ ቆመ። እሜት አስካለ ዓርብ ረቡዕ የማይገድፉ፣ ሐሰት ተናግረው የማያውቁ ሰው ናቸው። ሠርጣ ቅሉን የሰጠቻቸውም ለዚህ ነው።

«እሜቴ፣ ቅልዎን ላያት መጥቼ ነበር።»

«ምን ሆነች ብለህ?»

«ተበስታ እንደሆን ብዬ ነው።»

«የተበሳውስ ጋቢህ ነው ልጄ። በል ያዛት፣ እያት።»

ቅሏን ወደ ፀሐይ ገልብጦ አያት። ቀዳዳ የላትም። ሊመልስላቸው ዞር ሲል ግን የእሜት አስካለ የልጅ ልጆች ከቤቱ ጓሮ ገበጣ ሲጫወቱ አየ። በገበጣው ጉድጓዶች ውስጥ የሚዘሩት ጠጠር ክብ ክብ ነው፣ ልስልስ ነው፤ ልክ ቅሏ ውስጥ እንዳለው። ጓንጉል ቆመ። እሜት አስካለም የሚያየውን አዩ። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ይህን ጠጠር ከየት አመጣችሁት?» አሉ።

«ከወንዙ» አሉ ልጆቹ።

«በሉ በሚካኤል ማሉልኝ።»

ልጆቹ ማሉ። ግን የተደናገጠ ሰው የልጅ መሐላ አይበቃውም። አሮጊቷ ልጆቹን አንድ ባንድ ፈተሹ፣ መደባቸውን አራገፉ። ከዚያ የቅሏን አፍ በጭቃ አስመረጉት። አንዲት ጠጠር ብቻ የምታሾልክ ቀዳዳ ተዉ፤ የገባ ጠጠር ተመልሶ አይወጣም። ቅሏንም ከራስጌያቸው ሰቀሏት።

ሚያዝያ ሲያልቅ በሰው ፊት ጭቃውን ሰበሩት። ጠጠሩን በቁርበት ላይ ዘረገፉት። አንድ ጎደለ።

እሜት አስካለ ተቀመጡ። የተቀመጡት በርጩማ ላይ አይደለም፤ ባሉበት መሬት ላይ ነው። «እኔ ጥያለሁ» አሉ። «አያ ዘገየ ቀርጸዋል» አሉ የእንጎጭ ሰዎች። «ጓንጉልስ ከፍቷል?» አለ አንድ ሰው። ሁሉም ወደ ጓንጉል ዞረ።

በዚያው ሳምንት ጭቃ ሹሙ ጎራዴያቸውን ወደ ቀጥቃጩ ላኩት። ስለት እንዲያወጣለት ነው። ወሬው ኮርቻው ላይ ደረሰ። ጓንጉል ጎጆው ደጅ ቁጭ ብሎ መንገዱን አየ። መንገዱ ክፍት ነው፣ የሚከለክለው የለም። በልጅነቱ ከስንት ቤት ሸሽቷል። አሁን ግን የሚሸሸው ከራሱ ቤት ነው። ደግሞ እሱ ቢሸሽ ሌላ የማንም ልጅ ያመጣሉ፤ ውሃው ይጎድላል፤ ጎራዴውም ተስሏል። አልሸሸም።

ግንቦት ገባ። ጓንጉል እንግዲህ ከውሃው ጋር እሄዳለሁ አለ። ነገር ግን የበሩ ሕግ አይፈቅድለትም። በሙሉ ቀን፣ ውሃ እየተሻገረ፣ በሩን ጥሎ የሄደ ጠባቂ ሌብነቱን በአፉ እንዳመነ ይቆጠራል። ስለዚህ አያ ዘገየ ዱላቸውን ይዘው ሲመጡ እግራቸው ላይ ወደቀ።

«አያ ዘገየ፣ ይህን ወር እዚህ ተቀመጡልኝ።»

«እኔ? የአንተን በር? ከመቼ ወዲህ ነው የእንጎጭ ባለርስት ለሰው ቤት ልጅ ዘበኛ የሆነው?»

«እኔ ውሃውን ተከትዬ ልወርድ ነው። በሩ ክፍት መሆኑን እርስዎ ይዩልኝ።»

«ብትጠፋስ? ለጭቃ ሹሙ ምን ልበላቸው?»

«ብጠፋ ጎጆውን ይውሰዱ። ክዳን አለው።»

አያ ዘገየ ዱላቸውን እያገላበጡ አዩ። አያ ዘገየ ባለፈው ዓመት የአንዳርጌን ክንድ ግንድ ላይ አስደግፈው የያዙ ሰው ናቸው። ጠንካራ ናቸው ተብለው ነው የተመረጡት። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ እጃቸው ጎርሰው አያውቁም፣ ሚስታቸው ናት የምታጎርሳቸው እየተባለ ይወራባቸዋል። እውነት ይሁን ሐሰት እኔ አላውቅም።

«ሂድ» አሉ በመጨረሻ። «እቀመጣለሁ።»

ጓንጉል ከውሃው ጋር ወረደ። ውሃው ሲሮጥ ሮጠ፣ ውሃው ሲያዘግም አዘገመ። ትልቁ ድንጋይ ዘንድ ሲደርስ እሜት አስካለ ቅላቸውን ታቅፈው ቆመዋል። ጠጠር ጣሉ። ተመለሰ። በሚቀጥለው ሙሉ ቀን ወረደ። ጠጠር ጣሉ። ተመለሰ። እንደገና ወረደ። ጠጠር ጣሉ። እንዲህ እያለ ወሩ ከአሥር አለፈ፤ ምንም አልጎደለም። ጓንጉል «ይህ ወር በኔ ላይ ቀለደ» ሲል ረገመው።

ግንቦት አሥራ ሁለት ሆነ። ጓንጉል ከውሃው ጋር ወረደ። ትልቁ ድንጋይ ዘንድ ደረሰ። ማንም የለም።

ቆመ። ውሃው በእግሩ ሥር አለፈ። ግራ አየ፣ ቀኝ አየ። ቅል የያዘ የለም። ጠጠር የሚጥል የለም። ውሃው ንጹሕ ነው፣ ሙሉ ነው፣ እንደ ወትሮው ያጉረመርማል፤ ግን የሚቀበለው ሰው የለውም። ጓንጉል ውሃውን ተከተለ።

ውሃው ወደ ሰው ማሳ አልገባም። ሌላ ጊዜ በሚዞርበት አልዞረም። አንድ ሰው አስቀድሞ መዞሪያውን ዘግቶበታል። ቀጥ ብሎ ወረደ፣ በዋርካዎች ሥር ዞረ፣ ለምለም የስንዴ ማሳ ውስጥ ገባ። ከማሳው በላይ አዲስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ክዳኑ ገና አልጠቆረም። ሠርጣ ድሮ ታቦት አልነበራትም፤ ተራራውን እየተሻገረች እንጎጭ ጊዮርጊስ ነበር የምትሳለመው። የራሷን ሚካኤል ያስገባችው ውሃው መጉደል በጀመረበት ዓመት ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል። ማንም ግን ሁለቱን ጎን ለጎን አላስቀመጣቸውም።

በቅጥሩ ውስጥ ሰው ተሰብስቧል። ወርኃዊው የሚካኤል ዝክር ነው። እሜት አስካለ ነጭ ለብሰው ከመሶብ ዳቦ ያድላሉ። ጓንጉልን ሲያዩ ደስ አላቸው።

«እሜቴ፣ ጠጠሩስ?» አለ።

«የምን ጠጠር?»

«የዛሬው ውሃ ጠጠር።»

«ዛሬ እኮ ሚካኤል ነው ልጄ። በታቦታችን ቀን ሀብት ይቆጠራል? ደግሞስ የዛሬው ውሃ የኛ ነው? የሱ ነው። ይህን የስንዴ ሁዳዱን ያጠጣል። የሱን በእኛ ቅል ልጥለው ኖሯል? ያሳደጉህ ሰዎች ይህን እንኳ አላስተማሩህም?» አሉና ሳቁ። ትልቅ ቁራሽ ቆርሰው ሰጡት። «ብላ። ከሱ ማሳ፣ ከሱ ውሃ የበቀለ ስንዴ ነው። በየወሩ እንደዚህ ድሃ እናበላለን።»

ጓንጉል ጎረሰ። ረሃብ ለብዙ ዓመት የገዛው ሰው ነው፤ አፉ ከልቡ ይቀድማል። እያኘከ ሳለ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ለእሜት አስካለ እጁን ዘረጋ። የዘረጋው ግራ እጁን ነው። በግራ እጅ መቀበል ነውር ነው። ጓንጉል ዞሮ አየው። የቀኙ እጅጌ ባዶ ነው።

አንዳርጌ ነው።

እሜት አስካለ «ይማርህ» ብለው ዳቦውን በግራ መዳፉ ላይ አኖሩለት። አንዳርጌ ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ቆረሰው። ጓንጉል የጎረሰውን መዋጥ አቃተው፤ መትፋትም የተባረከ ነውና አይችልም። በአፉ እንደያዘው ቆየ።

«አትበላውም እንዴ?» አለው አንዳርጌ። «ካልበላኸው ወዲህ በለው። ነገ ሚካኤል አይደለም።»

ጓንጉል የቀረውን ሰጠው። ከዚያ በጆሮው ነገረው። በዚህ ቀን በየወሩ ውሃ እንደሚሻገር ነገረው። አያ ዘገየ በዚህ ቀን እንደሚቀርጹ፣ እሜት አስካለ በዚህ ቀን ጠጠር እንደማይጥሉ ነገረው። ሁለቱም ሐሰት እንዳልተናገሩ ነገረው። የጎደለው ውሃ ያ ስንዴ ውስጥ እንዳለ ነገረው።

አንዳርጌ ስንዴውን አየ። እጁ ላይ ያለውን ዳቦ አየ።

«እበላዋለሁ እኮ» አለ። ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ ነበር። «በየወሩ እየመጣሁ እበላዋለሁ።»

ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ቆዩ።

የቆጠራው ቀን ደረሰ። ሁለቱ መንደሮች ኮርቻው ላይ ወጡ። በሬው ታስሯል። ጎራዴው ጭቃ ሹሙ ጉልበት ላይ ነው። ግንዱም ተንከባሎ መጥቷል። ዱላው ተቆጠረ። ቅሉ ተገለበጠ። ጎደለ።

«ጓንጉል» አሉ ጭቃ ሹሙ። «ውሃው የት ገባ?»

ጓንጉል ንግግር አያውቅም። ወደ እሜት አስካለ ዞረ።

«እሜቴ፣ በኅዳር ሚካኤል ዕለት ውሃ መጥቷል?»

«መጥቷል።»

«ጠጠር ጥለዋል?»

«እንዴት አድርጌ፣ በሚካኤል ቀን?» አሉ አሮጊቷ። ይህን ሲሉ አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ።

ጓንጉል ከመሬት አንድ ጠጠር አነሣና ቁርበቱ ላይ ጣለ። «በታኅሣሥስ?» አለ። አንድ ጠጠር ጣለ። የጥር ሚካኤል ሰንበት ነበርና ዘለለው፣ የካቲት ብሎ ጣለ፣ መጋቢት ብሎ ጣለ፣ ሚያዝያ ብሎ ጣለ፣ ግንቦት ብሎ ጣለ። እጁን አራገፈ።

አያ ዘገየ መጥተው ቆጠሩ። ምልክቱን በአንድ እጃቸው፣ ጠጠሩን በሌላው እየነኩ ቆጠሩ። እኩል ሆነ።

እልል ያለ የለም። የሁሉም ሐሳብ አንድ ቦታ፣ አንዳርጌ እጅ ላይ፣ ደርሶ ቆመ። አያ ዘገየ ብቻ ቀስ ብለው ተናገሩ፦ «እኛም በጊዮርጊስ ቀን ጩቤ አንነካም። ግን ሃያ ሦስት ጎዶሎ ነው። ውሃው የራሳችን ነው፤ ዱላ አያስፈልገውም። ስለዚህ የኛ በዓል አላሳተንም። የነሱ ግን…» አልጨረሱትም። ያን እጃቸውን አዩትና ከጋቢያቸው ሥር ከተቱት።

ጭቃ ሹሙ ጎራዴውን ከጉልበታቸው አንሥተው መሬት ላይ አኖሩት። ከሰው ኋላ የቆመውን አንዳርጌን አስጠሩት። በሬውን አስፈትተው ከፊቱ አስቆሙለት። ሌላም ከብት ጨመሩ፣ ጥጃዋን ያስከተለች ላምም ጨመሩ።

«ንዳቸው» አሉት። «ያንተ ናቸው።»

«በየትኛው እጄ?» አለ አንዳርጌ።

ጭቃ ሹሙ ራሳቸውን ደፉ። አንዳርጌ ግን ሰውን ማዋረድ አልፈለገም፤ ደክሞታል። ከብቶቹን ትቶ ወደ እሜት አስካለ ሄደ። አሮጊቷ ሊያዩት አልቻሉም።

«እሜቴ፣ ከእንግዲህ ለኔ ዳቦ አይስጡኝ» አላቸው። «ቅሏን ይስጡኝ። የሚካኤል ዕለት ብቻ። ጠጠሩን እኔ ልጣል።»

እሜት አስካለ በታቦት ቀን አይቆጠርም አላሉም። ቅሏን ከደረታቸው አውርደው በሁለት እጃቸው ያዙለት። እሱም በግራው አንድ ጠጠር አንሥቶ ጣለ። ጠጠሩ ቅሏ ሆድ ውስጥ ሲወድቅ የተሰማው ድምፅ ትንሽ ነው፤ ግን ከሁለቱም መንደር ያልሰማው የለም ይባላል። ብዙ ሰው ያለቀሰው ያን ጊዜ ነው። በሬውን በዚያ ዓመት አላረዱትም።

ጓንጉል በሩን እየከፈተና እየዘጋ አረጀ። ሁለት እጁን እንደያዘ ሞተ። ርስት አልሰጡትም፣ እሱም አልጠየቀም። ጎጆውን ብቻ በየዓመቱ ሁለቱ መንደሮች በአንድነት ይከድኑለት ነበር። በዚያ አገር እስከ ዛሬ ሁለት ሰዎች በቁጥር ሲለያዩና አንዱ ሦስተኛውን ሌባ ሊል አፉን ሲከፍት፣ ሽማግሌ ክንዱን ይዞ «ሁለት እውነት ሲጣላ ጓንጉልን ጥራ» ይለዋል። ሰውየው አፉን ይዘጋል።

ሠርጣ ውስጥ ደግሞ ወሩ በገባ በአሥራ ሁለት የሚጣለው ጠጠር ሁልጊዜ በግራ እጅ ይጣላል። ሁለት ደህና እጅ ያለውም ቀኙን ወደ ጋቢው ከትቶ በግራው ነው የሚጥለው። መንገደኛ ቆሞ ያያል። ይህ ሰው ነውር አያውቅም እንዴ ይላል። እነሱ ግን ጠጠሩ እስኪወድቅ ድረስ አይመልሱለትም።